የምትዋሽ ማስመሪያ

መጽሐፉ ይላል፦ ቤትህን በአሸዋ ላይ አትሥራ፤
እኛ ግን በኦሃዮ፣ በማሆኒንግ ወንዝ ተራ፣
ሦስት ትውልድ ያሳደገን የአሸዋ ሥራ።
አያቴ ዶምቤክ አሸዋ ረግጦ፣ ብረት አፍስሶ፣
አባቴ ዶምቤክ በዚያው አቧራ ሳንባውን ጨርሶ፣
ለእኔ ለሮዛሊንድ የደረሰኝ የቀዘቀዘ ምድጃ፣
አሥራ አራት ሠራተኛ፣ መሳቢያ ሙሉ የዕዳ ማስረጃ።

በመጋቢት የውኃ ቤቱ ፓምፕ ጎኑ ተሰነጠቀ፤
የእንጨት ቅርጹ ከነመጋዘኑ በእሳት ካለቀ
ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ልኩን ማን ዐወቀ?

ያን ሰሞን የድሮው የአልጋ መደብር፣ መስኮቱ የረገፈ፣
«የአምራቾች ፈጠራ ማዕከል» የሚል ታፔላ ለጠፈ።
መንግሥት አንድ ዶላር ሲጥል፣ ኩባንያ አንድ ይጥላል፤
ማሽኑ የጋራ ነው፣ ዕውቀቱም ለሁሉ ይካፈላል።
ሌሊቱን ሁሉ ገለጥኩት፣ ከመብራቱ ፊት፣
መቶ አሥር ገጽ ውል፣ ውሉ የጠፋበት።

ትልልቆቹ ቼክ ጻፉ፤ እኔ ምን ልጻፍ?
«ገንዘብ ባይኖርሽ» አለች ኬዚያ መሐንዲሷ፣ ሳትጣደፍ፣
«የሰው እጅም መዋጮ ነው፤ ቁጠሪና ሙዪ ሰዓቱን።»
እኔም «በዓይነት» ከሚለው ሣጥን፣
«ኤልመር ስቶይካ፣ አርባ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ ስሙን።

ኤልመር የቅርጽ አናጺ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ሁለት ጣቱ ጎድሎ፣ ያልጎደለ ኩራቱ፣
መጣ፤ ማሽኑን ዞረው። አሸዋ በፀጉር ውፍረት
እየነሰነሰ፣ ሙጫ እየረጨበት፣
ያለ እንጨት፣ ያለ መሮ፣ ቅርጹ ሲያድግ ሌሊት፣
«ዝምተኛ ነው» አለኝ፤
«ዝምተኛ አናጺ ነው ስሕተት የሚበዛበት።»

ኬዚያ ለካች፣ አሰላች፤ ብረቱ ወረደ፤
ሲበርድ ግን ከወፍራሙ ጎን ጮኾ ተቀደደ።
ሁለተኛውም ያው። በሦስተኛው ዋዜማ
ኤልመር ከኮቱ አወጣ፣ ማንንም ሳያማ፣
የናስ ማስመሪያ። «ይቺ ትዋሻለች» አላት፤
«በየጫማው ስምንተኛ ኢንች ጨምረው ነው የሠሯት።
ብረት በትኩሱ ቸር ነው፣ ሲበርድ ይሰስታል፤
የማለልሽን ያህል አይሰጥም፣ ጥቂት ያስቀራል።
አትቆጪው፣ ባሕርዩ ነው፤ ቀድመሽ ጨምሪለት።
ይኼን ሹል ማዕዘን ግን ክብ አድርጊለት፤
ሹል ቦታ ላይ ነው ብረት ቂም የሚይዝበት።»

ኬዚያ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ጻፈች፤
የእሱን እጅ ወደ ቁጥር ስትፈታ አደረች።
ሦስተኛው ደህና ወጣ።
ዐርብ ጠዋት ከተማው ሁሉ ፊቱን ታጠበ፤
ስለ ማስመሪያ ግን ማንም አላሰበ።

በጥቅምት ከዋሽንግተን ባለሥልጣን መጣ፤
ሪባን ቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ለንግግር ወጣ።
«ይህ ሽርክና» አለ፣ «ይህን ሸለቆ ያስነሣል፤
በአምስት ዓመት ሺህ የሥራ ቦታ ይገኛል!»
ኤልመር ከኋላ ቆሞ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣
«ገና ትኩስ ነው» አለኝ፤ «አትለኪው ቶሎ።»

በኅዳር ቀበርነው። ዝናም ነበር፤ አጭር ጸሎት።
ማስመሪያዋን ለኬዚያ፣ ለእኔ መሮውን ትቶልን ሞት።
በየካቲት በጀቱ በረደ፤ ሲሶው ተቆረጠ፤
የማሽን ተራችን ከሁለት ቀን ወደ አንድ ተለወጠ።
የዓመቱ ቅጽ ይጠይቃል፦ «አዲስ ሥራ፣ በቁጥር?»
ሁለት አልኩ። እውነት ነው፣ ሁለት ልጆች ቀጥሬ ነበር።
ከሥሩ «ሌላ ጥቅም» የምትል አንዲት ጠባብ መስመር
ባዶዋን ታየኛለች፤ በምን ልክ ልጻፍ ኤልመር?

ዛሬ ማታ የከርሞውን ማመልከቻ እሞላለሁ፤
የሚያስፈልገኝ ስምንት ወር ነው፤ ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ።
ኬዚያ በትከሻዬ አሻግራ አየች፤ ምንም አላለችም፤
ወረቀቱ እንዳይበር የጫነችውን ናስ ግን አላነሣችም።